«ብርቅዬ ነው» ያለው ማነው?

እንግዳ ሲመጣብን መጀመሪያ የምንወስደው ወደ ነጭ ሳር ነው። አርባ ምንጭ ያደገ ሰው ሁሉ ይህን ልማድ ያውቀዋል። የእግዜር ድልድይ ላይ እናቆመውና አባያን በግራ፣ ጫሞን በቀኝ እናሳየዋለን። ስለ አዞው እናወራለን። ቡናው ሲቀርብ ደግሞ የወፏን ታሪክ እናመጣለን።

ታሪኩ አጭር ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 ከካምብሪጅ የመጡ አጥኚዎች ነጭ ሳር ሜዳ ላይ፣ መንገድ ዳር፣ መኪና የገጫት ወፍ አገኙ። የተረፈው አንድ ክንፍ ብቻ ነበር። ክንፉን ይዘው ሄዱ፣ ከየሙዚየሙ ናሙና ጋር አስተያዩት፣ ከየትኛውም ጋር አልገጥም አለ። እ.ኤ.አ. በ1995 «አዲስ ዝርያ ነው» ብለው ስም አወጡለት። እ.ኤ.አ. በ2009 ሌሎች ሰዎች ከሩቅ አገር መጥተው ሌሊት በባትሪ ሲያስሱ ቆዩና «አየናት» አሉ። በፍለጋው ላይ መጽሐፍ ሁሉ ተጽፎበታል።

እኛ በወፏ ቅር አይለንም። እንዲያውም እንኮራባታለን። የሚያበግነን ሌላ ነው። እዚሁ ሜዳ ላይ የወደቀ አንድ ክንፍ «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው አግኝቷል። እዚሁ ከተማ ውስጥ ግን ሙሉ ሰው፣ ከነሳሉ፣ ከነራጁ፣ ደም ከቀላቀለው አክታው ጋር ሐኪም ቤት በር ላይ ዓመታት ተመላልሶ «ይህ ምንድን ነው?» የሚለው አጥቷል። ጠያቂ ያጣበትም ምክንያት አንዲት ቃል ናት፤ በሽታው «ብርቅዬ» ነው ይሉናል።

ዛሬ የምንጣላው ከዚህች ቃል ጋር ነው።

የጋሼ ሳል

ጎረቤታችን ሸማኔ ናቸው። ዶርዜ፣ የጨንቻ ደጋ ሰው፣ ጥጥ ሲባዘትና ድር ሲደወር እያዩ ያደጉ። «ጋሼ» ነው የምንላቸው። ስማቸውን አንጽፍም፤ የታከሙባቸውንም ቦታዎች አንጠራም። ጉዳያችን ከአንድ ግቢ ጋር አይደለምና።

ጋሼ በ2007 ዓ.ም. ቲቢ ያዛቸው። አክታቸው ተመርመረ፣ ተገኘ፣ ስድስት ወር መድኃኒታቸውን ሳያጓድሉ ወሰዱ፣ ዳኑ። ወፈሩ። ሸማቸውን መሥራት ጀመሩ። እስከዚህ ድረስ የአገራችን የቲቢ ሕክምና የሚመሰገንበት ታሪክ ነው፤ እኛም እናመሰግናለን።

በ2009 ዓ.ም. ሳሉ ተመለሰ። አክታ ሰጡ፤ «ነጌቲቭ» ተባሉ። ራጅ ተነሱ፤ የላይኛው ሳንባቸው ላይ ቀዳዳ ታየ። ቀዳዳ ካለ ቲቢ ነው ተባለና ሁለተኛ ዙር ተጀመረ፤ በዚያን ጊዜ ሁለተኛው ዙር ለሁለት ወር መርፌ ጭምር ያለው ስምንት ወር ነበር። ጨረሱ። ሳሉ አልጨረሰም። በ2011 ዓ.ም. ሦስተኛ ዙር። አሁንም አክታው ነጌቲቭ፣ አሁንም «ለማንኛውም ይውሰዱ»። በ2013 ዓ.ም. አንድ ሌሊት ደም ሲተፉ አደሩ። ያኔ የሪፈር ወረቀት ተጻፈላቸው፤ አዲስ አበባ ሂዱ።

ሄዱ። ሽሮ ሜዳ ዘመድ ጋ አረፉ። ቀጠሮ፣ ሌላ ቀጠሮ፣ ሲቲ ስካን፣ ሌላ ቀጠሮ። ለመንገዱና ለምርመራው ላማቸው ተሸጠች። በመጨረሻ አንዲት የሳንባ ስፔሻሊስት ፊልሙን መብራት ላይ አድርጋ፣ ቀዳዳው ውስጥ እንደ ኳስ ተድበልብሎ የተቀመጠውን ነገር በእስክሪብቶዋ ጫፍ አሳየቻቸው። ፈንገስ ነው አለች። ቲቢው ድሮ ድኗል። ባዶ በተወው ቤት የገባው ሌላ ነው።

ከ2009 እስከ 2013 ዓ.ም. ቁጠሩት። አራት ዓመት።

ከሁሉ የሚከብደን ግን ገንዘቡም መንገዱም አይደለም። ጋሼ እነዚያን አራት ዓመታት ለብቻቸው ነበር የሚበሉት። ኩባያቸው ለብቻ፣ ሳህናቸው ለብቻ፣ መኝታቸው ለብቻ። የልጅ ልጃቸውን አቅፈው አያውቁም። በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም! ይህን የነገራቸው ሰው ያገኙት በአራተኛው ዓመት ነው።

ከጸበል መርጫ እስከ ሳንባ ቀዳዳ

የበሽታው ስም ረጅም ነው፤ ሥር የሰደደ የሳንባ አስፐርጊሎሲስ። አምጪው ግን ቤታችን የምናውቀው ሻጋታ ነው። አስፐርጊለስ ይባላል። ስሙን ያወጣለት እ.ኤ.አ. በ1729 የፍሎረንስ ቄስና ዕፅዋት አጥኚ የነበረው ፒዬር አንቶኒዮ ሚኬሊ ነው። በአጉሊ መነጽር ሲያየው የካህን ጸበል መርጫ መሰለውና በዚያው ጠራው።

አፈር ውስጥ አለ። በሰበሰ ቅጠል ላይ፣ እርጥበት የነካው እህል ላይ፣ ድርቆሽ ውስጥ አለ። ለዓይን የማይታየው ዘሩ አየር ላይ ይንሳፈፋል፤ እያንዳንዳችን በየቀኑ በመቶ የሚቆጠር እናስገባለን። ጤነኛ ሳንባ ጠራርጎ ያስወጣዋል፤ ምንም አንሆንም። ቲቢ ቆፍሮት የሄደው ሳንባ ግን ቀዳዳ አለው። ቀዳዳው ሙቅ ነው፣ እርጥብ ነው፣ ጠራጊው አይደርስበትም። ቲቢ ቤቱን ቆፍሮ ይወጣል፤ ሻጋታው ደባል ሆኖ ይገባል።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው ምልክት ቲቢን ቁርጥ ነው። ወራት የሚዘልቅ ሳል፣ ክሳት፣ ድካም፣ ትንፋሽ ማጠር፣ ደም መትፋት። ራጁም ይመሳሰላል። ሳይታከም ሲቆይ ሳንባውን ቀስ በቀስ ይበላዋል፤ ደሙም አንድ ቀን በርትቶ ሊገድል ይችላል።

አሁን የሐኪሙን ወንበር አስቡት። ደጅ ላይ ሰልፍ አለ። የመጣው ሰው ቲቢ ታሞ ያውቃል፣ ያስለዋል፣ ከስቷል፣ ራጁ ላይ ቀዳዳ አለ። እጁ ላይ ያለው የቲቢ መድኃኒት ነው፤ እሱም በነጻ ነው። ምን ይጽፋል? የሚጽፈውን ሁላችንም እናውቃለን። ይህ የሐኪሙ ስንፍና አይደለም። የተማረው፣ መመሪያው የነገረው፣ መደርደሪያው የያዘው እሱን ነው። የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይባላል፤ የማያውቁት በሽታም አይጠረጠርም።

በነገራችን ላይ ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ የሳንባ ቲቢ ተብለው ከተመዘገቡት ሰዎች በላብራቶሪ የተረጋገጠላቸው 63 በመቶ ናቸው። የቀሩት በምልክትና በራጅ ነው መድኃኒት የጀመሩት። አብዛኞቹ በእርግጥ ቲቢ ይሆናሉ። ጥያቄያችን ስለ ቀሩት ነው። ቲቢ ያልሆኑት እነማን ናቸው? ምንስ ነው የያዛቸው?

ብርቅዬ? እስቲ እንቁጠር

አሁን ወደዚያች ቃል እንመለስ። አንድን ነገር ብርቅዬ ለማለት መጀመሪያ መቁጠር ያስፈልጋል። ዋልያን ብርቅዬ የምንለው ተራራው ላይ ወጥተን ስለቆጠርነው ነው። ሳንባስ ማን ቆጠረ?

የቆጠሩ አሉ። እንግሊዞች በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ቲቢያቸው ድኖ ሳንባቸው ላይ ቀዳዳ የቀረባቸውን 544 ሰዎች መረመሩ። ከአራቱ አንዱ ደሙ ውስጥ የዚህ ፈንገስ ምልክት ተገኘበት። ይህ የሆነው ከሃምሳ ዓመት በፊት ነው።

ጎረቤት አፍሪካ እንምጣ። ናይጄሪያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት አክታቸው ነጌቲቭ የሆነ ወይም የቲቢ ሕክምና አልሠራላቸው ያለ 208 ሰዎችን አየ። 8.7 በመቶው ይህ በሽታ ነበረባቸው።

ኡጋንዳ ደግሞ ከሁሉም ለእኛ ትቀርባለች። ጥናቱ የተካሄደው ካምፓላ አይደለም። ከዋና ከተማው ርቃ በሰሜን በምትገኘው ጉሉ ነው፤ ማለትም በእነሱ አርባ ምንጭ። የቲቢ ሕክምናቸውን የጨረሱ 398 ሰዎች ተመረመሩ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2019 ወጣ። በጥቅሉ ከመቶ አምስት ስድስቱ በሽታው አለባቸው። ሳንባቸው ላይ ቀዳዳ የቀረባቸው ብቻ ሲታዩ ግን ቁጥሩ 26 በመቶ ሆነ። ቀዳዳ የሌላቸው ጋ 0.8 በመቶ ብቻ። ከአራት አንድ! ከአራት አንዱን የያዘ ነገር በየትኛው ቋንቋ ነው ብርቅዬ የሚባለው?

በዓለም ደረጃ ዴቪድ ዴኒንግና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት ስሌት ከቲቢ በኋላ በዚህ በሽታ የሚኖሩት ሰዎች 1.17 ሚሊዮን ያህል ናቸው።

ወደ አገራችን ስንመጣ ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅት ከፍተኛ የቲቢ ጫና አለባቸው ከሚላቸው 30 አገሮች አንዷ ናት። እ.ኤ.አ. በ2019 በኢትዮጵያ ያለውን የፈንገስ በሽታ ጫና የሚገምት ጽሑፍ ታትሟል፤ ጥሩ ሥራ ነው። ግን ስሌት ነው። የሌላ አገር መጠን ተወስዶ በእኛ ሕዝብና በእኛ የቲቢ ቁጥር ተባዝቶ የተገኘ። በሌላ አነጋገር የእኛን ሕመምተኞች ብዛት የነገረን የሒሳብ ማሽን ነው እንጂ የሳንባ ምርመራ አይደለም።

ስለዚህ «ብርቅዬ» ስንባል ትርጉሙ «ጥቂት ነው» ማለት አይደለም። «አልፈለግነውም» ማለት ነው። ሁለቱ ይለያያሉ። በዚህ ልዩነት መሃል ደግሞ ጋሼ አራት ዓመት ኖረዋል።

መልሶቹን እናውቃቸዋለን

ይህን ስንል የሚመጣብንን መልስ ከወዲሁ እናውቀዋለን። እየተመላለሰ ስለሚነገረን በቃላችን ይዘነዋል።

አንደኛው፤ «ድሃ አገር ነን፣ ቅድሚያ ለቲቢ»። እሺ፣ ቅድሚያ ለቲቢ። ግን ሁለት ዙር ቲቢ ያልሆነን ነገር በቲቢ መድኃኒት ማከም ለቲቢ ቅድሚያ መስጠት ነው ወይስ የቲቢን መድኃኒት ማባከን? የጋሼ ሁለተኛና ሦስተኛ ዙር መድኃኒት፣ መርፌ፣ የነርሷ ሰዓት፣ የጤና ጣቢያው ወረፋ ሁሉ ወጪ ነው። ድህነት የሚያስገድደን በትክክል እንድንመረምር ነው። ሁለት ጊዜ መሳሳት የሚችለው ሀብታም ነው።

ደግሞ ምርመራው ግዙፍ ማሽን የሚጠይቅ አይደለም። ከደም በሚወጣ ጠብታ ግማሽ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ፀረ አካሉን የሚያሳይ፣ ልክ እንደ እርግዝና መመርመሪያ ያለ ስትሪፕ አለ፤ ፈረንሳይ ውስጥ ተመርቶ ይሸጣል። ሲቲ ስካን ለሌለበት ቦታም እ.ኤ.አ. በ2018 ዓለም አቀፍ ባለሙያዎች ተሰብስበው ቀለል ያለ መመዘኛ አውጥተዋል። ሦስት ወርና ከዚያ በላይ የቆየ ምልክት፣ ራጅ ላይ የሚታይ ለውጥ፣ የፈንገሱ የደም ምልክት ወይም ሌላ ማስረጃ፣ ቲቢ አለመሆኑ የታየበት አክታ። አራት ነገር ነው። ከአራቱ ሦስቱን፣ ማለትም ታሪኩን፣ ራጁንና አክታውን፣ ጋሼ በ2009 ዓ.ም. በእጃቸው ይዘው ነበር። የጎደለችው ስትሪፗ ናት፤ ስትሪፗንም የሚያስጠይቀው ጥርጣሬ።

ሁለተኛው መልስ፤ «ለማንኛውም የቲቢውን መውሰድ ምን ይጎዳል?» ይጎዳል! በመጀመሪያ ያልታወቀው በሽታ ሳንባውን እየበላ ጊዜ ያልፋል። ሁለተኛ፣ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ለዚህ ፈንገስ የሚሰጠው ዋናው ክኒን ኢትራኮናዞል ነው። የቲቢ ሕክምና ምሰሶ የሆነው ሪፋምፒሲን ደግሞ ኢትራኮናዞልን ሰውነት ውስጥ እያፈራረሰ መጠኑን ክፉኛ ያወርደዋል። ሁለቱን «ለማንኛውም» ብሎ መደራረብ አንዱን በሌላው ማጥፋት ነው። በየመድኃኒት ቤቱ የሚገኘው ፍሉኮናዞልስ? እሱ ለሌሎች ፈንገሶች ጥሩ መድኃኒት ነው፤ ለዚህኛው አይሠራም። ስለዚህ «ፀረ ፈንገስማ ሰጥተነው ነበር» የሚለውም መልስ አያዋጣም።

ሦስተኛው መልስ ከሁሉ ይከብደናል፤ «እንዲህ ብላችሁ ስትጽፉ ሰው የቲቢ መድኃኒቱን ይጥላል»። ይህን ስጋት አንንቅም። ስለዚህ በግልጽ እንጻፈው። የቲቢ መድኃኒት የጀመረ ሰው ይህን አንብቦ አንዲት ክኒን እንኳ እንዳያጓድል። ቲቢ አሁንም ገዳይ ነው፤ መድኃኒቱም ያድናል፤ ጋሼን በመጀመሪያው ዙር ያዳናቸው እሱ ነው። ሳል ያለበት ሰው መጀመሪያ ቲቢ ይመርመር። እኛ የምንለው ቲቢው ታክሞ ካበቃ በኋላ ሳሉ ወራት ከቀጠለ፣ አክታውም በተደጋጋሚ ነጌቲቭ ከሆነ፣ ሐኪሙ ፊት ቁጭ ብለን «ፈንገስስ ሊሆን አይችልም?» ብለን እንጠይቅ ነው። ጥያቄ ሰውን ከመድኃኒቱ አያስጥልም። ሰውን መድኃኒት የሚያስጥለው ሦስት ጊዜ ጨርሶ ሦስት ጊዜ አለመዳኑ ነው።

ናሙናው መሄድ ሲችል ሰውየው ለምን ይሄዳል?

አርባ ምንጭና አዲስ አበባ መካከል 500 ኪሎ ሜትር ገደማ አለ። ጤነኛ ሆነን በአውቶቡስ ስንሄደው እንኳ ወገባችን ይነግረናል። በግማሽ ሳንባ፣ መሃረብ አፍ ላይ ይዞ፣ ጎን የተቀመጠው ተሳፋሪ መስኮት እየከፈተ ሲሸሽ እያዩ መሄድ ምን እንደሚመስል ጋሼ አንድ ጊዜ ነግረውናል። ሁለተኛ አልጠየቅናቸውም።

የሳንባ ስፔሻሊስት ጥቂት መሆኑ ይገባናል። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ውስጥ የሳንባና የጽኑ ሕሙማን ንዑስ ስፔሻሊቲ ሥልጠና የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። ከዚያ በፊት አገሪቱ ውስጥ የሳንባ ስፔሻሊስት የሚያሠለጥን ፕሮግራም አልነበረም። ትናንት የተጀመረ ነገር ዛሬ በየወረዳው ይዳረስ አንልም። ወጣቶቹ ስፔሻሊስቶች ይመስገኑ፤ የጋሼን ፊልም በትክክል ያነበበችው ከእነሱ አንዷ ናት።

ግን ይህ አገር አንድ ነገር ያውቅበታል። የቲቢና የኤች አይ ቪ ናሙና ከጤና ጣቢያ ተነሥቶ ወደ ትልቅ ላብራቶሪ በፖስታ አገልግሎት መኪና ይጓዛል። አክታ ከገጠር ከተማ ይገባል፤ ውጤቱ ይመለሳል። ያንኑ መንገድ አንድ ብልቃጥ ደም ቢሄድበት ምን አለ? የራጅ ፊልም ፎቶ ተነሥቶ ለስፔሻሊስት ቢላክ ምን አለ? በእጃችን ያለው ስልክ የሠርግ ቪዲዮ ከጨንቻ ደቡብ አፍሪካ በደቂቃ ያደርሳል፤ የሳንባ ፎቶ ሶዶን አያልፍም ያለው ማነው?

እንግሊዝ፣ ቲቢ እንደኛ ያልበዛባት አገር፣ እ.ኤ.አ. በ2009 ማንችስተር ላይ ለዚህ በሽታ ብሔራዊ ማዕከል ከፍታለች። እኛ ማዕከል ይከፈትልን አላልንም። የጤና ካርዱ ላይ አንዲት መስመር፣ ላብራቶሪው ውስጥ አንዲት ስትሪፕ ነው የጠየቅነው።

እግር ላይ የሠራነው ሳንባ ላይ ያቅተናል?

ለጋሞና ለወላይታ ሰው ይህ ታሪክ እንግዳ አይደለም። እግር የሚያሳብጠው በሽታ በዚህ ምድር ላይ ስንት ሰው ከሠርግና ከለቅሶ እንዳስቀረ እናቶቻችን ያውቃሉ። እርግማን ነው ተባለ፣ የዘር ነው ተባለ፣ ከትንኝ ከሚመጣው ዝሆኔ ጋር ተደባለቀ። ኢትዮጵያ ውስጥ የሠራው ኧርነስት ፕራይስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነገሩን መርምሮ ምክንያቱ ቀዩ አፈር መሆኑን አሳየ፤ ፖዶኮኒዮሲስ የሚለውን ስምም ሰጠው። ስም ሲያገኝ መላ መጣ። ጫማ፣ ሳሙና፣ ውኃ፣ ፋሻ። ወላይታ ውስጥ ለዚሁ የቆመ ማኅበር ተመሠረተ፤ የታመሙት ራሳቸው አስተማሪዎች ሆኑ። ዛሬ ይህን በሽታ የሚያጠና ሰው ከየትም ይምጣ ከየት የእኛን አካባቢ ሳይጠቅስ አያልፍም።

ከዚህ የምንማረው ቀላል ነው። ስም የሌለው በሽታ መድኃኒትም፣ በጀትም፣ አዛኝም የለውም። ስም ሲያገኝ ሦስቱም ቀስ በቀስ ይመጣሉ።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2022 ቅድሚያ ትኩረት ይሻሉ ያላቸውን 19 ፈንገሶች ዝርዝር ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያወጣ ይህን ሻጋታ እጅግ አሳሳቢ በሚለው የመጀመሪያው ረድፍ ነው ያስቀመጠው። ኢትራኮናዞልም እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በድርጅቱ የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አለ። ዓለም ስም አውጥቶ ጨርሷል። የቀረው እኛ ነን።

እኛም አንድ ኃጢአት አለብን

ጣት ስንቀስር የራሳችንን አንርሳ። ጋዜጠኝነት ተምረን ወጥተናል። በየዓመቱ እ.ኤ.አ. ማርች 24 የዓለም ቲቢ ቀን ሲከበር ምን እንጽፋለን? የመግለጫውን ወረቀት ተቀብለን፣ አዳራሹን ፎቶ አንሥተን፣ ባለፈው ዓመት የጻፍነውን ቁጥሩን ቀይረን እናወጣለን። «ታክመው ከዳኑት ውስጥ አሁንም የሚያስላቸው ስንት ናቸው?» ብሎ የጠየቀ ከመካከላችን ማን አለ? እኛም አልጠየቅንም። ጎረቤታችን ግድግዳ ማዶ አራት ዓመት ሲያስሉ እየሰማን፣ ራዲዮናችንን ከፍ እያደረግን ነው የኖርነው። እውነቱን ለመናገር እኛም ኩባያቸውን ከለዩት መሃል ነበርን።

የዚሁ ሻጋታ ዘመድ ከጥቂት ዓመታት በፊት የአዲስ አበባ ወተት ውስጥ መርዙ ተገኘ ተብሎ ስንት እንደተጮኸ ታስታውሳላችሁ? አፍላቶክሲን! ከተማው ሁሉ ወተት ፈራ። ጥሩ ነው፣ መጮኽ ነበረበት። ግን የከተሜው ስኒ ውስጥ ሲገባ ዜና የሆነው ሻጋታ፣ ሸማኔው ሳንባ ውስጥ ሲገባ ለምን ወሬ እንኳ አልሆነም?

የምንለው ይህን ነው

ጥያቄያችን አራት ነው፤ አንዱም ሰማይ አይነካም።

1. የቲቢ ሕክምና ሲያልቅ ራጅ ይነሣ። ቀዳዳ የቀረበት ሰው ይመዝገብ፣ ቀጠሮ ይያዝለት። የጉሉ ጥናት እንዳሳየው አደጋው የተከማቸው እነሱ ላይ ነው፤ ሁሉን ሰው መርምሩ አላልንም።

2. የፀረ አካል ምርመራው ቢያንስ በሪፈራል ሆስፒታሎች ይኑር። አክታው ነጌቲቭ የሆነ ሰው ሁለተኛ የቲቢ ዙር ከመጀመሩ በፊት ይህን ይመርመር።

3. ኢትራኮናዞል በመደበኛው የመድኃኒት አቅርቦት በኩል ይቅረብ። ሕክምናው ብዙ ወራት የሚወስድ ነው፤ ለአንዳንዱ ደግሞ ዓመታት። ጋሼ ዛሬም በየወሩ ከመድኃኒት ቤት መድኃኒት ቤት ይዞራሉ። ያገኙ ወር ይሸምናሉ። ያጡ ወር ይተኛሉ።

4. የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ይቁጠርልን። በውኃ ቴክኖሎጂ የጀመረ፣ ዛሬ ሐኪም የሚያስመርቅ የራሳችን ተቋም ነው። ጉሉ ላይ የተሠራው አርባ ምንጭ ላይ የማይሠራበት ምክንያት አይታየንም። ከጨንቻ፣ ከቦንኬ፣ ከቁጫ፣ ከምዕራብ አባያ ቲቢ ታክመው የጨረሱ ሰዎች ስም በየጤና ጣቢያው መዝገብ ላይ ሰፍሯል። መዝገቡን መክፈት ነው። ውጤቱ «እዚህስ በእርግጥ ብርቅዬ ነው» ካለን ቃላችንን እናጥፋለን፤ በዚሁ ገጽ ይቅርታ እንጠይቃለን።

ለእናንተ ለአንባቢዎችም አንድ ነገር አለን። አባታችሁ፣ አክስታችሁ፣ የሰፈራችሁ ጥበቃ ቲቢ ታክመው ከዳኑ በኋላ የሚያስላቸው ከሆነ «የቆየ ነው» ብላችሁ አትለፉት። የድሮውንም የአዲሱንም ራጅ ፊልም አትጣሉ፤ አጠራቅማችሁ ያዙላቸው፣ አብራችኋቸው ግቡ። ትልልቆቻችን ሐኪም መጠየቅ ድፍረት ይመስላቸዋል። እናንተ ድፈሩላቸው። ኩባያቸውን ከመለየታችሁም በፊት ምን እንደያዛቸው እወቁ።

ጋሼ አሁን የልጅ ልጃቸውን ያቅፋሉ። ጠዋት ጠዋት ሸማ መሥሪያቸው ላይ ይቀመጣሉ፤ ሁለት ሰዓት ያህል ይሠሩና ትንፋሹ ሲያጥራቸው ይነሣሉ። ሳሉ ቀንሷል እንጂ አልጠፋም። የተበላው ሳንባ አይመለስም። ከአራት ዓመት በፊት ተደርሶባቸው ቢሆን ኖሮ ስንት ሰዓት ይሸምኑ ነበር? ይህን ማንም ሊነግረን አይችልም።

ነጭ ሳር ላይ የወደቀው ክንፍ ስም አገኘ፣ ፈላጊም አገኘ። እኛ የምንነግራችሁ ስለ ክንፍ አይደለም። ሙሉ ሰው ነው። ተመርማሪዎች ወንበር ላይ ተቀምጧል፣ ፊልሙን ጭኑ ላይ አድርጎ ተራውን ይጠብቃል።